በወሬ የተመረጠ ሀገር

ሸራው ላይ ቀዳዳ አለ። ልጁ ጭንቅላቱን በቀዳዳው አሾልኮ ይቆማል። ሰዉ ሳንቲም እየከፈለ የጎማ ኳስ ፊቱ ላይ ይወረውርበታል። የመታው ይስቃል፣ የሳተው ድጋሚ ይከፍላል። ልጁ መሸሽ አይችልም፤ ከአንገቱ በላይ ያለውን ብቻ ነው ግራና ቀኝ ማድረግ የሚችለው።

ቦታው ልቨርፑል አካባቢ ያለ የመዝናኛ ሜዳ ነው። ጊዜው 1912 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ልጁ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። ጥቁር ነው። ከአሜሪካ የመጣው መርከብ ውስጥ ተደብቆ ነው። ስሙ ዩጂን ቡላርድ ይባላል።

ስለ ቡላርድ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከፓይለትነቱ ይጀምራሉ። ልክ ናቸው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ ሸራው ነው። ከዚያ በኋላ የሠራቸው ሥራዎች፣ ቡጢውም፣ መትረየሱም፣ ከበሮውም፣ ሸራው ጋ ከነበረው የራቁ አይመስሉኝም። ሰዎች ይከፍሉታል፣ እሱ ደግሞ ሳይወድቅ ይቆማል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ ጆርጂያ እንመለስ።

ቡላርድ የተወለደው በኦክቶበር 1895 ኮሎምበስ በምትባል የጆርጂያ ከተማ ነው። ቤታቸው ልጅ የበዛበት ነው። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። አባቱ ግዙፍ ሰው ነበር፣ ጉልበተኛ፣ የቀን ሠራተኛ። አንድ ቀን ከነጭ አለቃው ጋር ተጣላ፣ ተማቱ። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ጥቁር ሰው ነጭ ላይ እጁን ካነሳ የሚከተለው ፍርድ ቤት አይደለም። ሌሊት ሰዎች ተሰብስበው መጡ። አባትየው ልጆቹን ዝም አሰኝቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ መሣሪያውን ይዞ በሩ ጀርባ ቆመ። ሰዎቹ በሩን ደብድበው ደብድበው ሄዱ። ዩጂን ይህን በልጅ ዓይኑ አይቷል። በሽምግልናው ሕይወቱን ሲጽፍ በሩ ሲንጓጓ የነበረውን ድምፅ አልረሳውም።

ከዚያ የሚመጣው ነገር ነው የእኔ ጉዳይ። አባቱ ለልጆቹ አንድ ወሬ ያወራላቸው ነበር። ባሕር ማዶ ፈረንሳይ የሚባል አገር አለ፤ እዚያ ጥቁር ሰው እንደ ሰው ይቆጠራል። አባትየው ፈረንሳይን አላያትም። ወሬ ነው። ልጁ ግን ወሬውን እንደ አድራሻ ያዘው።

አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ፍየሉን ሸጦ ከቤት ጠፋ።

እንዲህ ያለ ወሬ እኛም ቤት አለ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ውጭ አገር ያላየ ሰው ነበር ስለ ውጭ አገር አብዝቶ የሚያወራው። የእከሌ ልጅ ሮም ሄዳ፣ የእከሌ ወንድም ስቶክሆልም ገብቶ፣ ቡና ላይ ሲተረክ እኛ ልጆቹ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። አገር የሚመረጠው በካርታ አልነበረም፤ በጎረቤት አፍ ነበር። ብዙዎቻችን በዚያ ወሬ ተነስተን ነው እዚህ አሜሪካ የተገኘነው። ከደረስን በኋላ ወሬውና አገሩ ሳይገጥሙልን ሲቀር ሁለት ዓይነት ሰው እንሆናለን። አንዱ ይራገማል። ሌላው ደግሞ ወሬው እውነት እንዲሆን ራሱን ይገብራል። ቡላርድ ሁለተኛው ነው፤ ለዚያውም የመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለው።

ወደ ፈረንሳይ የሚወስደው መንገድ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። ልጁ ጆርጂያን ለዓመታት ዞረ። ከእንግሊዝ የመጡ ጂፕሲ የሚባሉ ተዘዋዋሪ ሰዎች ጋር ተጠግቶ ፈረስ ሲንከባከብ ቆየ፤ እነሱም እንግሊዝ አገር የቀለም አጥር የለም አሉት። ሌላ ወሬ። ፈረስ መጋለብ ተማረ፣ ውድድር ላይም ጋለበ። በ1912 ቨርጂኒያ ውስጥ ኖርፎክ ወደብ ደርሶ አንድ የጀርመን ጭነት መርከብ ውስጥ ተደበቀ። ስኮትላንድ፣ አበርዲን ላይ አወረዱት። ከዚያ ግላስጎው ገባ። እዚያ ያገኘው ሥራ ደስ ይላል፤ መንገድ ዳር ቁማር የሚጫወቱ ሰዎች ፖሊስ ሲመጣ እንዲያፏጭላቸው ይከፍሉት ነበር። ከዚያ ልቨርፑል፤ ወደብ ላይ ተሸካሚ፣ ዓሣ በሚያዞር ጋሪ ላይ ረዳት፣ ከዚያ ሸራው።

ቦክስን የያዘው ልቨርፑል ነው። ጂም ውስጥ ሲላላክ፣ ሲጠርግ፣ ቀስ ብሎ ጓንት አጠለቀ። ቀላል ክብደት ነው፣ ፈጣን ነው። ዓይኑን የጣለበት ሰው አሮን ብራውን ይባላል፣ በቦክስ ዓለም ግን ‹ዲክሲ ኪድ› ነው የሚታወቀው። የቀድሞ የዌልተር ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን፣ እሱም ጥቁር አሜሪካዊ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ቦክሰኛ ሆኖ መኖር ከባድ ነበር። ጥቁሩ ጃክ ጆንሰን በ1908 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ነጩ አሜሪካ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ስለዚህ ጥሩ ጥሩዎቹ አትላንቲክን እየተሻገሩ ለንደንና ፓሪስ ይጋጠሙ ነበር። ኪዱ ልጁን ክንፉ ሥር አስገባው።

በኖቬምበር 1913 መጨረሻ ለግጥሚያ ወደ ፓሪስ ወሰደው። ቡላርድ አሸነፈ። ድሉ ግን ያን ያህል አይደለም፤ ወሳኙ ነገር ከተማዋን ማየቱ ነው። ከግጥሚያው በኋላ ወደ እንግሊዝ ሲመልሱት እዚያ መቆየት አልቻለም። ከአንድ የጥቁር ተዋንያን ቡድን ጋር ተቀጥሮ አውሮፓን እየዞረ ሰው ሲያስቅ ቆየና፣ ቡድኑ እንደገና ፓሪስ ሲደርስ እዚያው ቀረ። ፈረንሳይኛ ለመደ፣ ጀርመንኛም ያዘ። ቡጢውም ቀጠለ። ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነበር፣ ግን ካፌ ገብቶ ሲቀመጥ ተነሳ የሚለው የለም። የአባቱ ወሬ እስከዚህ ድረስ ሠርቷል።

ኦገስት 1914 ጦርነቱ ጀመረ።

የውጭ አገር ሰዎች የሚቀጠሩበት የፈረንሳይ ጦር፣ የውጭ ዜጎች ሌጅዮን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን አይቀጥርም። ቡላርድ አሥራ ዘጠኝ የሞላው ኦክቶበር 9 ነው። ኦክቶበር 19 ተመዘገበ። አሥር ቀን ነው የቆየው። ማንም አላስገደደውም፤ አሜሪካም ገና ገለልተኛ ነበረች። አንድ ዓመት እንኳ ላልኖረባት አገር ሊሞት ሄደ።

ለምን? እሱ ራሱ የሚለው ግልጽ ነው፤ ፈረንሳይ ሰው አድርጋኛለች፣ ዕዳዬን ልክፈል። እኔ ይህን አምናለሁ፣ ግን ብቻውን አይደለም። በዚያ ዕድሜ ያለ ቦክሰኛ ሰውነቱን እንደ ገንዘብ ማየት ለምዷል። ያለው እሱ ብቻ ነው። አገርን በገንዘብ ልግዛ ብሎ አይገዛ፣ በዘር ልውረስ ብሎ አይወርስ። የሚከፍልበት ሌላ ነገር የለውም።

ሌጅዮኑ ውስጥ መትረየስ ተኳሽ አደረጉት። በ1915 የጸደይ ወራት አርቷ ላይ፣ በመስከረም ሻምፓኝ ላይ ተዋጋ። ሌጅዮኑ በእነዚህ ውጊያዎች እንደ ቅጠል ረገፈ። የተረፉትን ወደ ሌሎች ክፍሎች በተኗቸውና ቡላርድ 170ኛው የእግረኛ ሬጅመንት ደረሰው። ጀርመኖቹ ‹የሞት ጨረባዎች› ብለው የሚጠሩት ጦር ነው፤ ጨረባ ያቺ ጣራ ሥር የምትበረው ትንሽ ወፍ ናት። በፌብሩዋሪ 1916 ቬርደን ገቡ።

ቬርደን አሥር ወር የፈጀ ጦርነት ነው። ከሁለቱም ወገን ወደ 300,000 ሰው አልቋል። ቡላርድ የነበረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ የጀርመን መድፍ መሬቱን በሚያርስበት ጊዜ ነው። አንድ ፍንዳታ አብዛኞቹን ጥርሶቹን አረገፈበት። ሪንግ ውስጥ ለዓመታት የጠበቃቸውን ጥርሶች። ይህ ወደ ኋላ አልመለሰውም። ማርች 5 ጭኑን ሌላ ፍንዳታ ቀደደው፤ ያኔ ነው ተሸክመው ያወጡት። ሊዮን ሆስፒታል ብዙ ወር ተኛ። ሐኪሞቹ እግረኛ ወታደር ሆነህ አትመለስም አሉት። የጦር መስቀል ሜዳሊያ ሰጡት።

ፓሪስ ወጥቶ ካፌ ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ አውሮፕላን አበራለሁ አለ። ከሚሲሲፒ የመጣ ነጭ ጓደኛው ሳቀ፤ ጥቁር ፓይለት የለም፣ አይሆንም አለ። ሁለት ሺህ ዶላር ተወራረዱ። በዚያ ዘመን ሁለት ሺህ ዶላር ቀልድ አይደለም። ቡላርድ መጀመሪያ በአውሮፕላን ተኳሽነት ገባ፣ ከዚያ አብራሪነት ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። ሜይ 5 ቀን 1917 የመብረር ፈቃዱን አገኘ፤ ቁጥሩ 6950 ነው። ብሩንም ተቀበለ። ውርርዱን መክፈሉ ለሚሲሲፒው ሰውዬ ክብር ይገባዋል።

ከኦገስት እስከ ኖቬምበር 1917 ግንባር ላይ በረረ፤ ከሃያ በላይ ግዳጅ። ጂሚ የምትባል ጦጣ ኮቱ ውስጥ ይዞ ነበር የሚበረው። አውሮፕላኑ ላይ በጩቤ የተወጋ ልብ አስቀብቶ ሥሩ በፈረንሳይኛ ‹የሚፈስ ደም ሁሉ ቀይ ነው› አስጽፎ ነበር ይባላል። ሁለት የጠላት አውሮፕላን ጥያለሁ ይላል። መዝገብ ላይ አልጸደቁለትም። እኔ በዚህ አልከራከርም። ሽማግሌ ታጋይ ጦርነቱን ሲያወራ ጥቂት ጨው ይጨምራል፤ ቬርደን ላይ ያጣቸው ጥርሶች ግን ጨው አያስፈልጋቸውም።

አሁን ወደሚያናድደው ክፍል።

አሜሪካ በ1917 ጦርነቱ ውስጥ ገባች። በፈረንሳይ ጦር ሥር የሚበሩ ብዙ አሜሪካውያን ፈቃደኞች ነበሩ። አሜሪካ እነዚህን ሰዎች ወደ ራሷ ጦር አዞራለሁ፣ መኮንንም አደርጋለሁ አለች። ቡላርድም አመለከተ። ምርመራ ቀረበ። የመረመሩት ሐኪሞች እግርህ ጠፍጣፋ ነው አሉት። በዚያ ጠፍጣፋ እግር ነው ከሶም እስከ ቬርደን በእግረኛ ጦር የሄደው። ቶንሲልህ ትልቅ ነው አሉት። ኦፔራ ዘፋኝ አይደለሁም ብሎ መለሰ ይባላል። በመጨረሻ አልፈሃል አሉትና ጠብቅ አሉት። ጠበቀ። ነጮቹ ጓደኞቹ እየተጠሩ ሄዱ። እሱን የጠራው የለም።

ብዙም ሳይቆይ ከአንድ የፈረንሳይ መኮንን ጋር ተጣላ። ከአየር ኃይሉ አውጥተው ወደ 170ኛው ሬጅመንት መለሱት፤ ለዚያውም ግንባር ሳይሆን የኋላ አገልግሎት ክፍል። የታሪክ ሰዎች ውስጥ ከጀርባው የአሜሪካውያን እጅ አለበት ብለው የሚጠረጥሩ አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ወረቀቱን የፈረመችው ፈረንሳይ ናት። እዚህ ላይ ነው የአባቱ ወሬ መሰንጠቅ የነበረበት።

እሱ አላሰነጠቀውም። ስለ ፈረንሳይ ክፉ አላወጣም።

ይህን ሳስብ ሌላ ቦክሰኛ ይመጣብኛል። ባትሊንግ ሲኪ። ሴኔጋል፣ ሴንት ሉዊ የተወለደ። ከጦርነቱ በፊት ፈረንሳይ ውስጥ ቦክስ የጀመረ፣ ጦርነቱ ሲመጣ በቅኝ ግዛት እግረኛ ጦር የዘመተ፣ በጀግንነት የተሸለመ። ልክ እንደ ቡላርድ ነው ማለት ይቻላል። ፈረንሳይ በዚያ ጦርነት ከምዕራብ አፍሪካ ብቻ ወደ 200,000 ሰው አሰልፋለች፤ ብዙዎቹ ተገደው። ሲኪ ከጦርነቱ በኋላ በሴፕቴምበር 1922 ፓሪስ ላይ የፈረንሳይን ልጅ፣ ጆርጅ ካርፓንቲዬን በስድስተኛው ዙር ዘረረው። ካርፓንቲዬ ራሱ በጦርነቱ አየር ኃይል ውስጥ ያገለገለና የተሸለመ ቦክሰኛ ነው፣ የሕዝብ ዓይን ማረፊያ። ዳኛው መጀመሪያ ሲኪ ጠልፎ ጥሎታል ብሎ ሊነጥቀው ሞከረ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ውሳኔው ተቀለበሰ። ግን ጋዜጦቹ ሲኪን ከዚያ ወዲያ ያሳዩት እንደ ጫካ አውሬ ነበር። ሜዳሊያ ያለው ወታደር መሆኑን ለማስታወስ የፈለገ ጥቂት ነው። በዲሴምበር 1925 ኒውዮርክ መንገድ ላይ ከጀርባው በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ካርፓንቲዬ እስከ 1975 ኖረ።

እና ፈረንሳይ ለቡላርድ መልካም ነበረች ስንል ለማን ምን እንደነበረች መጠየቅ ግድ ነው። አሜሪካዊ ጥቁር እንግዳ ነው፤ በእሱ በኩል አሜሪካን ማሳፈር ይቻላል። አፍሪካዊ ጥቁር ደግሞ ተገዢ ነው። ይህን ልዩነት ቡላርድ ያየው አይመስለኝም፣ ወይም አይቶ ሆድ ይፍጀው ብሎ ትቶታል።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ኑሮው ፊልም ይመስላል። ከበሮ መምታት ተማረ። የፓሪሱ ሞንማርትር ያኔ የጃዝ ሰፈር ነው። የምሽት ክለብ ውስጥ ሠራ። አንድ ጊዜ ግብፅ፣ እስክንድርያ ድረስ ከባንድ ጋር ሄዶ እዚያው ሁለት ጊዜ ቡጢ ተጋጠመ። ተመልሶ ‹ግራን ዱክ› የሚባለውን ክለብ መምራት ጀመረ። ቤቱ ጠባብ ነው። በ1924 እዚያ ወጥ ቤት ሳህን የሚያጥበው ልጅ ላንግስተን ሂዩዝ ነበር፣ ኋላ ላይ ታላቁ ገጣሚ የሆነው። ብሪክቶፕ የምትባለዋ ዘፋኝም ፓሪስ ውስጥ መዝፈን የጀመረችው እዚያ ነው። ቡላርድ አንዲት ፈረንሳዊት አገባ፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ፣ ተፋታ፣ ልጆቹን እሱ አሳደገ። የራሱን ባርና ጂም ከፈተ። ሃያ ዓመት ገደማ። የአባቱ አገር እውነት ሆኖ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ።

1939 ላይ ጀርመኖች ባሩ ይመጡ ነበር። ይጠጣሉ፣ በቋንቋቸው ያወራሉ። ጥቁር ባለ ባር ጀርመንኛ ይሰማል ብሎ የገመተ አልነበረም። ቡላርድ የሰማውን ለፈረንሳይ የስለላ ሰዎች ያቀብል ነበር። በጁን 1940 ጀርመን ስትገባ አርባ አራት ዓመቱ ነው። ልጆቹን ትቶ በእግሩ ወጣ፣ ኦርሌአን ላይ ከአንድ እግረኛ ሬጅመንት ጋር ተቀላቀለ። አዛዡ ከቬርደን የሚያውቀው ሰው ነበር። ሌ ብላን አካባቢ መድፍ አከርካሪውን ጎዳው። አዛዡ ጀርመኖች ከያዙህ ይገድሉሃል፣ ሂድ አለው። በስፔን አድርጎ ሊዝበን፣ ከሊዝበን በመርከብ ኒውዮርክ። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ወደ ተወለደበት አገር በስደተኛነት ገባ። ልጆቹ ቆይተው መጡ።

ኒውዮርክ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ሠራ። ወደብ ላይ ሠራ፣ ሽቶ ሸጠ፣ ጥበቃ ቆመ፣ አስተርጓሚ ሆነ። በ1949 ጥቁሩ ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ፒክስኪል በምትባል ከተማ ኮንሰርት ሲያደርግ ቡላርድ ሊያዳምጥ ሄደ። ኮንሰርቱን የጠሉ ነጮች መንገድ ዘግተው ሰዉን ደበደቡ። ቡላርድን መሬት ላይ ጥለው ሲደበድቡት ፎቶ ተነስቷል፤ ከደብዳቢዎቹ መካከል ፖሊሶች አሉ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ አከርካሪው የተጎዳ። ማንም አልተከሰሰም። ፎቶዎቹን አይቻለሁ። ወድቆም እጆቹ ወደ ፊቱ ይነሳሉ። የቦክሰኛ እጅ ነው፤ ዕድሜም አላስጣለውም።

በመጨረሻ ሮክፌለር ማዕከል ውስጥ ሊፍት የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ሆነ። ዩኒፎርም ለብሶ፣ ስንተኛ ፎቅ እያለ።

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር አበሾች ይህን ክፍል ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ፓርኪንግ ቤቱ ውስጥ፣ ታክሲው ውስጥ፣ የሆቴሉ በር ላይ ማን ሊቀመጥ እንደሚችል እናውቃለን። እኔ መኪና የማቆምበት ቦታ ለረጅም ጊዜ ቲኬት ይቆርጥ የነበረ አንድ ጋሼ የቀድሞ ጦር መኮንን ነው። እግሩን ትንሽ ይጎትታል። አንዴ ‹‹ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እርስዎ ማን እንደሆኑ ያውቃሉ?›› አልኩት። ‹‹ማን ጠይቆኝ፣ ልጄ?›› አለኝና የኋላዬን መኪና አስገባ። ምሬት የለበትም። የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ያልተጠየቀውን አይናገርም።

ቡላርድንም ሰዎች የጠየቁት ዘግይተው ነው። ፈረንሳይ ግን አልረሳችውም፤ ይህን ልክድ አልችልም። በ1954 ጠርታው ፓሪስ ላይ በማይታወቀው ወታደር መቃብር የሚነደውን እሳት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር እንዲለኩስ አደረገች። ኦክቶበር 9 ቀን 1959፣ ስድሳ አራት ዓመት ሲሞላው፣ ከፍተኛው ኒሻኗ የሆነውን የሌጅዮን ዶነር ባላባትነት ሰጠችው። አሥራ አምስት ያህል ሜዳሊያ አለው። በዚያው ዲሴምበር ኤን ቢ ሲ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ። ጣቢያው ያለው እሱ ሊፍት የሚሠራበት ሕንፃ ውስጥ ነው። አቅራቢው ዴቭ ጋሮዌይ ሲያነጋግረው የሊፍት ዩኒፎርሙን ለብሶ ነው፣ ሜዳሊያዎቹ አጠገቡ ተዘርግተው። በሚቀጥለው ዓመት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበረው ጄኔራል ደ ጎል ኒውዮርክ ሲመጣ በሕዝብ ፊት አቀፈው።

አንድ ቅንፍ ልክፈት። እኛ አገር በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው መጥቷል። ጆን ሮቢንሰን ያደገው ሚሲሲፒ ነው። ቺካጎ ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁር አልቀበል ሲለው በጽዳት ሠራተኝነት ገብቶ እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ፤ የጣልያን አውሮፕላኖች ሰማዩን በሞሉበት ጊዜ በትናንሽ አውሮፕላኖች መልእክት ሲያመላልስ ነበር። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ፓይለቶች አሠለጠነ፣ በ1954 አዲስ አበባ አረፈ። ለቡላርድ ፈረንሳይ የሆነችውን ለሮቢንሰን ኢትዮጵያ ሆነችለት። እሱም ስለ አገራችን መጀመሪያ የሰማው ከሩቅ ነበር። አንዳንዴ የሌላው ሰው ‹ባሕር ማዶ› እኛው እንሆናለን፤ ይህን ስናስብ ወሬውን ምን ያህል እንደጠበቅነው መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። ቅንፉን ዘጋሁ።

ቡላርድ ኦክቶበር 12 ቀን 1961 በሆድ ካንሰር ሞተ። ኒውዮርክ፣ ፍላሺንግ መካነ መቃብር ውስጥ፣ የፈረንሳይ የጦር አርበኞች ክፍል ቀበሩት። አሜሪካ አፈር ላይ ነው፣ ግን ከፈረንሳዮች ጋር። ሕይወቱን በእጅ ጽፎ ጨርሶ ነበር፤ በሕይወት እያለ አሳታሚ አላገኘም።

በ1994 የአሜሪካ አየር ኃይል የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ ሰጠው። ከሞተ ሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ። ነገሩ የሚገርመው ፈረንሳይ በጦርነቱ ሁሉ ከአሥር አለቃ በላይ አላደረሰችውም ነበር። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ ከሁሉም ከፍ ያለውን ማዕረግ የሰጠችው ያልተቀበለችው አገር ናት። ጆርጂያም በ2019 አንድ የአቪዬሽን ሙዚየም ግቢ ውስጥ ሐውልት አቆመችለት።

ጥሩ ነው። ማዕረጉ ለዘሮቹ ደስ ይላል፣ ሐውልቱም ለልጆች ይታያል። በ1917 ቢሰጡት ኖሮ ግን ይበርበት ነበር።